ሞተሩ ከወንበሬ ኋላ ነው፤ ቸርችል ጎዳና ላይ ይፈላብኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አምድዎን ሳላነብ አላልፍም። ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ ሁለት ሰው የምትይዝ መኪና በእጄ እየሠራሁ ነው። ሻሲዋን በቱቦላሬ በይጄ፣ ከተጋጨ ኮሮላ የወጣ ባለ 1.6 ሊትር «ፎር ኤ» ሞተር ከነካምቢዮው ከወንበሩ ኋላ አሰርኩት። ራዲያተሩ ከፊት፣ አፍንጫዋ ላይ ነው። ውሃው በሁለት የብረት ቱቦ በወለሉ ሥር ይመላለሳል። ግቢ ውስጥ ስትንቀሳቀስ ደህና ናት። እሁድ ማለዳ መንገዱ ጭር ሲል ከለገሃር ተነስቼ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስወጣ ግን ፖስታ ቤት ሳልደርስ የሙቀት ጌጁ መነሳት ይጀምራል። ማዘጋጃ ቤት ጋ ስደርስ ቀዩን ይነካል። ራዲያተሩን በሚኒባስ ራዲያተር ቀየርኩት፣ ለውጥ የለም። አንድ መካኒክ ቴርሞስታቱን፣ ውሃው ሲሞቅ የራዲያተሩን መንገድ የሚከፍተውን፣ አውጥቶ ጣለልኝ፣ ባሰበት። ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ሳይ ውሃው ሙሉ ነው። ሁለተኛ ራዲያተር ልጨምርላት?
(ከፒያሳ)

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ሻሲ በይዶ፣ ሞተር አስነስቶ፣ ቸርችልን የወጣ ልጅ ሲጽፍልኝ ቀኔ ብሩህ ይሆናል።

ሁለተኛ ራዲያተር አትጨምር። ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት፣ የራዲያተር ማነስ ምልክት አላገኘሁበትም። እኔ የጠረጠርኩት አየሩን ነው። አየር መኖር የሌለበት ቦታ ገብቶ ተቀምጧል። ማለፍ ባለበት ቦታ ደግሞ አያልፍም።

ከመጀመሪያው እንነሳ። «ክዳኑን ከፍቼ ሳይ ውሃው ሙሉ ነው» ያልከው ነገር ነው ያስጠረጠረኝ። ክዳኑ ያለው ራዲያተሩ ላይ ነው። ራዲያተሩ ደግሞ አፍንጫዋ ላይ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። የሞተሩ ቴስታታ፣ ማለትም የላይኛው ክፍሉ፣ ከዚያ ከፍ ይላል። ውሃ ዝቅ ያለውን ቦታ ሞልቶ «በቃኝ» ሲል፣ ከፍ ያለው ቦታ አየር ታቅፎ ይቀራል። ስለዚህ አንተ ሙሉ ውሃ ታያለህ፣ ቴስታታው ውስጥ ግን ብረቱን ውሃ የማይነካው ጥግ አለ። ያ ጥግ ይግላል። አጠገቡ የሚያልፈው ውሃ ይፈላል። እንፋሎቱ ደግሞ የአየሩን ኪስ ያሰፋዋል።

ዳገት ላይ ለምን ባሰ? አንዱ ምክንያት ሞተሩ መልፋቱ ነው። ሌላም አለ። ሽቅብ ስትወጣ አፍንጫዋ ይነሳል። ቱቦህ ሁለት ሜትር ተኩል ቢረዝም፣ ዳገት ላይ ራዲያተሩ ሜዳ ላይ ከነበረበት ስንዝር ያህል ከፍ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ተደብቆ የነበረው አየር ቦታውን ለቅቆ መንሸራሸር ይጀምራል። የውሃ ፓምፑ አየር ከሳበ ደግሞ የሚገፋው ነገር የለውም፣ ባዶውን ይሽከረከራል።

ይህን የተማርኩት በሚኒባስ ነው። ልጅ ሆኜ የሠራሁበት ጋራዥ አንድ የታክሲ ሚኒባስ ይመጣ ነበር። የእሱም ሞተር ከወንበር ሥር ነው፣ ራዲያተሩ ከፊት። ሁለት ጊዜ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለውን ማሸጊያ፣ ቀየርንለት። ሁለቴም ተመልሶ መጣ። ባለቤቱ የዕለት እንጀራው ስለሆነ ፊቱን ማየት ይከብደኝ ነበር። በሦስተኛው አንድ አዛውንት መካኒክ መኪናውን ዳገት ላይ አቆሙና ሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ጎማ ቱቦ ፈታ አደረጓት። ለረጅም ጊዜ ፊሽሽ አለ። ከዚያ ሁለት ሊትር ገደማ ውሃ ተጨመረበት። በቃ፣ ያ ሚኒባስ በዚህ ጉዳይ ዳግም አልመጣም።

አንተ ምን ታደርጋለህ? ከሞተሩ በላይ፣ ከኋላ፣ ከመላው መስመር ከፍ ብሎ የሚቀመጥ የውሃ ጋን ግጠም። ሶማሌ ተራ ስትሄድ የአውሮፓ መኪኖችን ጋን ጠይቅ፤ ክብ፣ ወፍራም ፕላስቲክ፣ በጥርስ የሚጠብቅ ክዳን ያለው። ጫና የሚችል መሆኑን አረጋግጥ። የኮሮላዋ ተራ ፕላስቲክ ዕቃ የተረፈ ውሃ መቀበያ ብቻ ነው፣ ለዚህ አይሆንህም። ከጋኑ ሥር ወፍራም ጎማ ቱቦ ፓምፑ ወደሚስብበት በኩል ይግባ። ከጋኑ ላይ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይውጡ። አንዷ ቴስታታው ላይ ከፍ ካለው የውሃ መውጫ ትነሳ። ሌላዋ ከራዲያተሩ አናት። አየሩ በእነዚህ ቀጫጭን መንገዶች ወደ ጋኑ ይወጣል፣ ውሃው በወፍራሙ ይመለሳል። ራዲያተርህ ነሐስ ከሆነ ራዲያተር ጠጋኝ አናቱ ላይ ትንሽ ጡት ይበይድልሃል። ከዚያ በኋላ ጫና የሚይዘው ክዳን የጋኑ ብቻ ይሁን። የራዲያተሩን አፍ አጥብቀህ ድፈነው።

የብረት ቱቦዎቹንም አውጣቸው። ይዝጋሉ፤ ዝገቱ ተሸርፎ ራዲያተሩን ይደፍናል። መዳብ ወይም አልሙኒየም ተጠቀም። ውስጣቸው ከሞተሩ የውሃ መውጫ አይጥበብ፣ 32 ሚሊ ገደማ ይበቃል። ወለል ሥር ሲሄዱ እንደ ግመል ጀርባ ከፍ ዝቅ አይበሉ፤ ጉብ ያለ ቦታ ሁሉ አየር ይይዛል። ጫፋቸውን ዙሪያውን በትንሹ ጉብ አድርግ፣ አለበለዚያ ፋሼታ (የጎማ ቱቦ ማሰሪያ) ብታጠብቅም ጫና ሲመጣ ጎማው ሾልኮ ይወጣል። የፈላ ውሃ እግርህ ሥር ነው የሚያልፈው፣ ይህን አትርሳ።

ቴርሞስታቱን ነገ መልስ። ይህ ልማድ ከከተማችን ጋራዦች ቢጠፋ ምንኛ ደስ ባለኝ! በ«ፎር ኤ» ሞተር ቴርሞስታቱ ያለው ውሃ ወደ ሞተሩ በሚገባበት በኩል ነው። ሲሞቅ የራዲያተሩን መንገድ ይከፍታል፣ በዚያው የአቋራጩን መንገድ ይዘጋል። አውጥተህ ስትጥለው አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ትኩሱ ውሃ ግማሹ ራዲያተር ሳያይ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ባሰበት ያልከው ለዚህ ነው። በ82 ዲግሪ የሚከፍተውን ግዛ። ትንሿ የምትንቀሳቀስ ፒን ወደ ላይ ሆና ትገጠም፣ አየር የሚያልፈው በእሷ ነው።

ስለ ክዳኑ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፣ በ92 ገደማ ይፈላል። እናቶቻችን ባቄላ ሲቀቅሉ ጊዜ የሚፈጅባቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፍተው ደግሞ በ95 አካባቢ ነው። አየኸው? ክዳኑ ጫና ካልያዘ ሞተርህ ጤነኛ ሆኖም ይፈላል። ደህና ክዳን 0.9 የሚል ቁጥር ካለው መፍያውን ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ አሮጌ ክዳን አትግጠም። ትኩስ እያለም በጭራሽ አትክፈት።

አየራችን ስስ ነው፣ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። ራዲያተር የሚያበርደው በዚያው ልክ ያንሳል። ሞተሩም ግን ተርቦ (አየር እየገፋ የሚያስገባለት) የሌለው ስለሆነ ጉልበቱ አብሮ ይቀንሳል፣ የሚያወጣው ሙቀትም እንዲሁ። ስለዚህ ከፍታውን ብቻ አንውቀስ።

አሁን ወደ ሁለተኛው አየር ልምጣ፣ ማለፍ ወዳለበት። ቮልስ ያለው ሰው ይገባዋል። ቮልስ ኋላ ሞተሩ ዙሪያ ከላሜራው ጋር የሚገጥም ጎማ አላት። ብዙ ሰው ጎማው ሲያረጅ ቀድዶ ይጥለዋል። ያኔ ከሥር የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ላይ ይገባል፣ ፋኑ የገዛ ሙቀቱን መልሶ ይስባል። ያቺ ተራ የምትመስል ጎማ ቀዝቃዛውንና ትኩሱን ለይታ የምትይዝ ግድግዳ ናት። ያንተም ራዲያተር ዙሪያውን ግድግዳ ይፈልጋል። አየር ሰነፍ ነው፣ ክፍተት ካገኘ በራዲያተሩ ጎን ያልፋል እንጂ ውስጡን አያቋርጥም። ከአፍንጫው ቀዳዳ እስከ ራዲያተሩ ድረስ በቀጭን ላሜራ አጥር ሥራ። የቀረውን ክፍተት በፍራሽ ስፖንጅ ድፈን። ቀዳዳው ግዙፍ መሆን የለበትም፤ አጥሩ ከገጠመ የራዲያተሩን ፊት ሲሶ ያህል ይበቃል።

መውጫውንስ አስበህበታል? ብዙ ሰው መግቢያውን አሳምሮ መውጫውን ይረሳል። ከራዲያተሩ ጀርባ አየሩ የሚሄድበት ከሌለ ከፊት የሚመጣው አይገባም። ኮፋኖው ላይ ወደ ፊት ተጠግተህ መውጫ ቅደድለት። መስታወቱ ሥር አትቅደድ፣ እዚያ አየር ስለሚከማች ወደ ውስጥ ይገፋብሃል። ከመቅደድህ በፊት አጫጭር ክሮች ኮፋኖው ላይ በፕላስተር ለጥፍ። ጓደኛህ በሌላ መኪና አጠገብህ እየሄደ በስልኩ ይቅረጽ። ክሮቹ ሽቅብ ተነስተው የሚርገበገቡበት ቦታ ለመውጫ ደህና ነው።

ፋኑን በወረቀት ሞክር። ከራዲያተሩ ኋላ የተገጠመ ከሆነ ከፊት ያስጠጋኸው ወረቀት መሳብ አለበት። ወረቀቱን የሚገፋ ከሆነ ሽቦው ተገልብጧል፣ ከመንገዱ ንፋስ ጋር እየታገለ ነው። ብዙ ሰው በዚህች ተራ ስህተት ወራት ያባክናል።

የሞተሩ ክፍል የራሱ ጉዳይ አለው። ራዲያተሩ ሩቅ ስለሆነ እዚያ የሚያስተነፍስ ነገር የለም። ከጎን መግቢያ፣ ከኋላ ክዳኑ ላይ ሰፋ ያለ መውጫ ይኑረው። በቤንዚን ቱቦውና በጭስ ማውጫው መካከል የላሜራ መከለያ አድርግ። ይህን ዛሬ ነገ አትበል፣ እሳት የሚነሳው እዚህ ነው።

ሁሉን ስትጨርስ ቁልቁል ባለ ቦታ አቁማት፣ አፍንጫዋ ዝቅ፣ ጋኑ ከፍ ብሎ። ቀስ እያልክ ሙላ። የጋኑን ክዳን ክፍት አድርገህ አስነሳት፣ ጎማ ቱቦዎቹን በእጅህ ጨመቅ ጨመቅ አድርግ። አረፋ ይወጣል፣ ውሃው ይጎድላል፣ ጨምር። መፍላት ሳትጀምር ክዳኑን ግጠም። ከዚህ በፊት ቀዩን ደጋግማ ስለነካች ግን አንድ ስጋት አለኝ። አረፋው አልቆም ካለ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ጋኑ አፍ ላይ የሚደረግ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለው መመርመሪያ ያላቸው ጋራዦች አሉ። ሰማያዊው ወደ ቢጫ ከተለወጠ የጭስ ጋዝ ውሃው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ጌጁንም ሙሉ በሙሉ አትመን። ሴንሰሩ አየር ውስጥ ከቀረ ዝቅ አድርጎ ያነባል፣ ሞተሩ ግን እየተቃጠለ ነው። ጌጁ ድንገት ወርዶ ድንገት ከወጣ ወዲያው አጥፋ።

ጥያቄ፦ ለቪትዜ የቧንቧ ውሃ ብቻ ብሞላ ምን አለበት? አዲስ አበባ በረዶ አይሠራብንም አይደል?
(ከሜክሲኮ)

መልስ፦ እህቴ፣ ኩላንት ለበረዶ ብቻ አይደለም። ዝገት ይከላከላል፣ መፍያውን ከፍ ያደርጋል፣ የውሃ ፓምፑንም ይጠብቃል። የቪትዝሽ ቴስታታ አልሙኒየም ነው፣ በቧንቧ ውሃ ይበላል። ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ገዝተሽ ከኩላንቱ ጋር እኩል ቀላቅዪ። ቀድሞ ያለው ቀይ ከሆነ አረንጓዴ አትጨምሪበት። መንገድ ላይ ከጎደለብሽና ሌላ ከሌለ የቧንቧ ውሃም ጨምሪ፣ ሞተር ከማቃጠል ይሻላል። በሳምንቱ ግን አስቀይሪው።