መልስ፦ በተጋጩ ሁለት መንደሮች መሃል የጋራ ውሃ ሲቆፈር

የተጋጩ ሁለት መንደሮችን የሚያገናኝ አንድ የእጅ ፓምፕ ለመትከል አስበው ከየት እንደሚጀምሩ ጠይቀዋል። ከቁፋሮው በፊት ውሃውን የሚያስተዳድረው ኮሚቴ ይቅደም። ሽማግሌዎች ብቻ ከተሰየሙበት ግን ከወዲሁ ተበላሸ ማለት ነው፤ ውሃ የሚቀዱት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ስለሆኑ ወረፋ ላይ የሚነሳውን ጠብ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከሁለቱም ወገን እኩል ሰው ይመረጥ፤ ሊቀመንበሩ ከአንዱ ከሆነ ገንዘብ ያዡ ከሌላው ይሁን።

ቦታውን የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ብቻ አይወስነው። መንገዱ በአንደኛው ወገን ደጅ የሚያልፍ ከሆነ ሌላው ፈርቶ ይቀራል፣ ውሎ አድሮም «የእነሱ ውሃ» ይባላል። ስፌር (Sphere) በተባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ እርዳታ መስፈርት አንድ የእጅ ፓምፕ ቢበዛ ለ500 ሰው ነው፤ ከቤት ያለው ርቀት ከ500 ሜትር፣ ወረፋውም ከ30 ደቂቃ መብለጥ የለበትም። ተጠቃሚው ከበዛ ሁለት ይትከሉ።

ብዙው የሚከሽፈው ግን በጥገና ነው። የፓምፑ ጎማ ማሸጊያ ሲያልቅ መለዋወጫ መግዣ ከሌለ «ማን ሰበረው?» የሚለው ክስ ይከተላል። ስለዚህ መዋጮው ከምረቃው በፊት ይጀመር፤ ሳጥኑ በሁለት ቁልፍ ይቆለፍና እያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ይያዝ። ሂሳቡም በየወሩ ሁለቱም ባሉበት ጮክ ተብሎ ይነበብ።