ጥሩ መተግበሪያ የሚታወቀው ኔትወርክ ሲቆረጥ ነው

ውድ ልጆቼ፤

በደብረ ማርቆስ የኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር አንድ ወጣት «ጥሩ የሞባይል መተግበሪያ የሚባለው ምን ምን ሲያሟላ ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። መልሱን በጥቂት መስመሮች ጽፌ ልልክለት ነበር። ይሁን እንጂ ጥያቄው ለዓመታት ሲቆጨኝ የኖረ ነገር ስለቀሰቀሰብኝ፣ በባሕር ዳርም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ በሞጣም ሆነ በእንጅባራ ይህንኑ ሥራ ለጀመራችሁ ሁሉ እንዲደርስ አስቤ አስፍቼ ጽፌዋለሁ።

አንድ ድርጅት የማዳበሪያ ሥርጭትን ከወረቀት መዝገብ ወደ ስልክ የሚያዛውር መተግበሪያ አሠርቶ፣ በቡሬ አካባቢ ለሚገኙ የገበሬዎች ማኅበራት ለሙከራ ሰጥቶ ነበር። እኔም አሠራሩን በቦታው ተገኝቼ እንድመለከት ተላክሁ። ወሩ ሐምሌ ነበር። የበቆሎ ገበሬ ዩሪያን በአንድ ጊዜ እንደማይጨርስ ታውቃላችሁ፤ ከፊሉን በዘር ሰሞን ይጨምራል፣ ቀሪውን በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ከሥሩ ያደርግለታል። በዚያ ጠዋት አህያ እየነዱ በጭቃው መጥተው በመጋዘኑ ደጃፍ የተሰለፉት ገበሬዎች አብዛኞቹ ይህንኑ ሁለተኛ ድርሻቸውን ሊወስዱ የመጡ ነበሩ።

አንድ አዛውንት ተራቸው ደርሶ ስማቸውን ተናገሩ። መዝጋቢዋ ልጅ ስልኩን ነካ ነካ አድርጋ ዝም አለች። ስልኩ ሙሉ ድርሻቸውን እንደ ወሰዱ ያሳያል። አዛውንቱ አልተቆጡም፤ «ልጄ፣ እኔ የወሰድሁት አንዱን ነው፤ ሁለተኛውን ወስጄው ቢሆን በዚህ ጭቃ ምን ያመጣኝ ነበር?» አሉ እንጂ። መዝጋቢዋ ይህን ስትሰማ ከጠረጴዛው ሥር አንድ የተማሪ ደብተር አወጣች። በዚያ ደብተር ላይ የእያንዳንዱ ገበሬ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ ጎጡ፣ የወሰደው መጠንና የአውራ ጣቱ አሻራ ሰፍሮ ነበር። የአዛውንቱ አሻራ ያረፈው በአንድ ቦታ ብቻ ነው። ሆኖም ወደ ወረዳ የሚተላለፈው መረጃ የስልኩ ስለሆነ፣ የማኅበሩ ኃላፊ ከስልኩ ውጪ አንዲት ከረጢት ለማውጣት አልደፈረም። አዛውንቱ አህያቸውን ባዶዋን እየነዱ ተመለሱ።

ምክንያቱን በኋላ አጣርተን ደረስንበት። በመጀመሪያው ሥርጭት መዝጋቢዋ «መዝግብ» የሚለውን ስትጫን መረጃው ወደ ማዕከል፣ ማለትም የሁሉም ስልኮች መረጃ ወደሚሰበሰብበት ኮምፒውተር፣ ደርሶ ነበር፤ «ደርሷል» የሚለው መልስ ግን ወደ ስልኩ ሳይመለስ ኔትወርኩ ተቆረጠ። በስልኩ ላይ የምትሽከረከረው ክብ መሽከርከሯን ቀጠለች። ልጅቷ ይመዝገብ አይመዝገብ የምታውቅበት መንገድ ስላልነበራት ደግማ ተጫነች፤ ማዕከሉም ሁለተኛውን መልእክት እንደ አዲስ ሥርጭት ቆጠረው። መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ስልኩ መረጃውን ከመላኩ በፊት ለእያንዳንዱ ምዝገባ የራሱ የሆነ መለያ ቁጥር ቢሰጥ ኖሮ፣ ያው ቁጥር ዐሥር ጊዜ ቢላክ እንኳ ማዕከሉ አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘግበው ነበር። እርማቱ የመጣው ግን በቆሎው ጸጉር ካወጣ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዩሪያ ቢሰጣቸው ምን ይሠራላቸዋል? አንድ ሰው በራሱ ማሳ ላይ ያልወሰደውን አለመውሰዱን እንዲያስረዳ በስልክ መገደዱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ለጠያቂዬ የምሰጠው ዋናው መልስ ይህ ነው፦ ጥሩ መተግበሪያ ሰውን በጥርጣሬ ላይ አይተውም። ተጠቃሚው አንድ ነገር በነካ ቁጥር ሥራው መፈጸሙን፣ አለመፈጸሙን፣ ወይም በስልኩ ላይ ተቀምጦ ኔትወርክ እስኪመጣ እየጠበቀ መሆኑን በማያሻማ ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። መረጃው አስቀድሞ በስልኩ ውስጥ ይቀመጥ፤ ወደ ማዕከል መላኩ ቀጥሎ ይምጣ። በእኛ አገር ኔትወርክ መቋረጡን እንደ ድንገተኛ አደጋ አትቁጠሩት፤ ሥራችሁን ስትጀምሩ ቀድማችሁ የምታስቡት የዘወትር ነገር ይሁን።

ያቺ ልጅ ደብተሩን ለምን እንደ ያዘች ጠይቄአት ነበር። መተግበሪያው «የቤተሰብ ስም» ካልተሞላለት ወደ ፊት አያልፍም፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ስም ከአባትና ከአያት ጋር ይሄዳል እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ በስምም በአባትም ስም የሚመሳሰሉ ሰዎች ስላሉ፣ እሷ የምትለያቸው በአያትና በጎጥ ነበር። የቀን መቁጠሪያው የፈረንጅ በመሆኑ በደብተሩ የኋላ ገጽ ላይ የቀን ማነጻጸሪያ ሠርታለች። ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ የቀን መምረጫ ጳጉሜን የት ያስገባታል? ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት የሆነውንስ ስምንት ሰዓት ብሎ ሲያሳይ ማን ያምነዋል? ፍለጋውም እንዲሁ ነበር፤ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር በሚመዘገቡበት በዩኒኮድ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. ስለገባ፣ ፊደላችንን በኮምፒውተር መጻፍ መቻሉ የታወቀ ነው፤ «ሀ»ን ከ«ሐ» እና ከ«ኀ»፣ «ሰ»ን ከ«ሠ»፣ «አ»ን ከ«ዐ»፣ «ጸ»ን ከ«ፀ» ጋር አስማምቶ የሚፈልግ መተግበሪያ መሥራት ግን የእናንተ ድርሻ ነው፤ ይህን ከውጭ ማንም አይሠራላችሁም።

ስለ ትውልዳችሁ የማስበውን ሳልናገር አላልፍም። ብዙዎቻችሁ ሥራውን የምትጀምሩት ከቀለሙና ከአርማው ነው። በግቢ ዋይፋይ፣ በአዲስ ስልክ፣ ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ ትሞክሩታላችሁ፤ ከዚያም «ይሠራል» ትላላችሁ። መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ማከማቻው በፎቶ የሞላ ስልክ ይዞ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ጭቃ በነካው ጣት ለሚነካው ሰውስ? የአንድሮይድ መመሪያ የሚነካ ነገር ሁሉ ቢያንስ 48 ዲፒ (የአንድሮይድ የስክሪን መለኪያ)፣ ማለትም ወደ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት እንዲኖረው የሚመክረው እንዲህ ላለው ጣት ነው። መተግበሪያው ለንክኪ 5 ሰከንድ ያህል ምላሽ ካልሰጠ ደግሞ አንድሮይድ ራሱ ምላሽ አለመስጠቱን ለተጠቃሚው ያሳውቃል፤ ሰው ግን ከዚያ በፊት ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ዳታ በሜጋባይት ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው የመተግበሪያው ክብደት የኪስ ጉዳይ ነውና አሳንሱት፤ የማያስፈልገውንም ሁሉ አውጡለት።

ፈቃድ የመጠየቅን ነገር ብዙዎች አቅልለው ያዩታል። አንድሮይድ ከ6.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ካሜራን፣ ያለንበትን ቦታና የስልክ ቁጥሮችን ማውጫ የመሰለውን ሁሉ በሥራ ላይ ሳለ ከተጠቃሚው እንዲጠየቅ አድርጓል። ነገር ግን የእህል ዋጋ ለማየት የከፈተ ገበሬ የሚጠየቀውን ሁሉ «እሺ» እያለ ያልፋል። ጥያቄው ምን ማለት እንደ ሆነ ሳይገባው «እሺ» ያለን ሰው «ፈቅዷል» ማለት አይገባም። ለሥራው የማያስፈልገውን ፈቃድ ጭራሽ አትጠይቁት።

አሳንሱት ብያችኋለሁ፤ ድምፅ ግን ጨምሩበት፤ ክብደቱን ከፍ ቢያደርገውም ጨምሩበት። በ2014 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የ8028 የገበሬዎች የስልክ አገልግሎት ማንበብ የማይችለውን ሰው ጭምር ያገለገለው፣ በተራ ስልክ ደውሎ ምክሩን በቋንቋው በጆሮው ስለሚሰማ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ቴሌብርም መተግበሪያ ቢኖረውም በ*127# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛው መልስ መተግበሪያ አለመሥራት ሊሆን ይችላል፤ ይህንን ለአሠሪያችሁ በግልጽ መናገር ሙያ ነው።

እናንተን ስወቅስ ቆየሁ፤ ነገር ግን እኛ በዕድሜያችሁ ሳለን መጽሐፍ ፍለጋ የምንባክንበትን ነገር እናንተ በአንድ ሌሊት ስትማሩት አያለሁ። በዚህ አልቀናም አልልም። ጠያቂዬ ከመተግበሪያ መሥሪያዎቹ ኮትሊንን ልማር ወይስ ፍለተርን ብሏል፤ የጀመርከውን ጨርስ፣ ሌላ የምለው የለኝም።

በፕሌይ ስቶር ለማውጣት መቸኮሉን ግን ልግታው። ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በግል የሚከፈት አዲስ የአልሚ (የመተግበሪያ ሠሪ) አካውንት፣ መተግበሪያውን ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት ቢያንስ በ12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት እንዲያስሞክር ጉግል ይጠይቃል። ይህንን ብዙዎች እንደ እንቅፋት አይተው የክፍል ጓደኞቻቸውን ስልክ ይሰበስባሉ። አንተ እንዲህ አታድርግ። ከደብረ ማርቆስ ገበያ ሁለት የእህል ነጋዴ፣ ከማኅበራት ሦስት መዝጋቢ፣ አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ቀሪዎቹን ከገጠር የሚመላለሱ ገበሬዎች አድርጋቸው። ከጎናቸው ተቀምጠህ ጣታቸው የት ላይ እንደሚያመነታ ተመልከት፤ እስኪጠይቁህ ድረስ አታስረዳቸው፤ ያየኸውንም በየማታው ጻፈው። ከዚያ በኋላ ማስታወሻህን ብትልክልኝ በደስታ አነባለሁ።