የባል የግል ሥራ ለቋሚ መኖሪያ ማመልከቻ እንዴት ይረጋገጣል?

ጥያቄ፦ እናቴን ለማስታመም ከደብሊን ወደ ደሴ ከመጣሁ አራት ወር ሊሞላኝ ነው። ባለቤቴ የኮምቦልቻ ልጅ ሲሆን በስዊድን ዜግነቱ አየርላንድ ገብቶ ሁለት ዓመት ተቀጥሮ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በራሱ ታክሲ ሲሠራ ቆይቷል። በቤተሰብ አባልነት የመኖሪያ ካርድ ይዤ አብሬው ከኖርኩ አምስት ዓመት ስላለፈኝ ለቋሚ መኖሪያ ላመለክት ነው። ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪ የሌለው ሰው መሥራቱን በምን ያስረዳል? ደሴ ፒያሳ ካለው የወንድማማቾች ሱቅ የሚደርሰው ድርሻስ ይጠቅመን ይሆን?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ ፈጣሪ እናትዎን ይማርልን። ጉዳይዎ የሚዳኘው በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ 2004/38 ሲሆን፣ ባለቤትዎ የሌላ አባል አገር ዜጋ ሆነው አየርላንድ ውስጥ በመሥራታቸው ለእርስዎም መብቱ ይደርስዎታል። የተቀጠሩበትና በግል የሠሩበት ጊዜ ይደመራል፤ በመካከል ክፍተት አለመኖሩን ግን ማሳየት ያስፈልጋል።

የግል ሥራን በተመለከተ ብዙዎች የሚሳሳቱት ምዝገባውን ብቻ አያይዘው ሲያስገቡ ነው። ምዝገባ ሥራ መጀመሩን እንጂ መቀጠሉን አያሳይም። ስለዚህ ከታክሲ ፈቃዱና ከመድኑ በተጨማሪ በየዓመቱ የቀረበው የግብር ማስታወቂያ፣ ማለትም ፎርም 11፣ ከገቢዎች መሥሪያ ቤቱ ከተሰጠው የግብር ውሳኔ ጋር ይቅረብ። የባንክ መግለጫው ደግሞ ከዚሁ ጋር መናበብ አለበት፤ በማስታወቂያው ላይ የሠፈረው ገቢ በባንኩ ካለፈው ገንዘብ ጋር ሰፊ ልዩነት ካለው፣ ምክንያቱን የሒሳብ ባለሙያው በደብዳቤ ያብራራ። የአየርላንድ ሕግ የሒሳብ ሰነድ ለ6 ዓመት እንዲቀመጥ ስለሚያስገድድ፣ ባለቤትዎ ወረቀቶቹን ከቤት አያጡም ብዬ አምናለሁ። ገቢው አነስተኛ መሆኑ ብቻውን አያስጥልም፤ የሚፈለገው ሥራው እውነተኛና ተጨባጭ እንጂ ለስም ያህል የሚሠራ አለመሆኑ ነው። ሥራ ጠፍቶ ያቆሙበት ጊዜ ካለም ወዲያው ተስፋ አይቁረጡ፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2017 (እ.ኤ.አ.) በአየርላንድ ይሠራ በነበረ አንድ ሮማኒያዊ ለሳኝ ጉዳይ፣ ከአንድ ዓመት በላይ በግሉ የሠራ ሰው ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት ሥራ አጥቶ ሥራ ፈላጊ ሆኖ ከተመዘገበ መብቱ እንደሚጠበቅለት ወስኗል።

የፒያሳው ሱቅ ግን ለዚህ ጉዳይ ማስረጃ አይሆንም፤ የሚመዘነው ባለቤትዎ በአየርላንድ የሚሠሩት ሥራ ነው። እንዲያውም ድርሻው ሳይብራራ በባንክ መግለጫው ላይ ከታየ ጥያቄ ይጋብዛል።

ስለ መቅረትዎ አይጨነቁ። በዓመት በድምሩ ከስድስት ወር ያልበለጠ መቅረት የአምስት ዓመቱን ቆጠራ አያቋርጥም፤ በፓስፖርትዎ ላይ ያሉትን የመግቢያና የመውጫ ማኅተሞች ቅጂ ያያይዙ።

ደሴ ሳሉ የሚፈጽሙት አንድ ጉዳይ አለ። ጋብቻችሁ በኒካህ ብቻ የተፈጸመ ከሆነ በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት አስመዝግበው የምስክር ወረቀቱን ይውሰዱ፤ የተመዘገበ ከሆነም ስሞቹን ከፓስፖርቶቻችሁ ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ሰይድ የሚባል አባት በአንዱ ሰነድ በላቲኑ ዋይ፣ በሌላው በአይ ተጽፎ መገኘቱ በእኛ አገር የተለመደ ነው፤ እርማቱን ደግሞ ከደብሊን ሆኖ ከማስጨረስ በአካል ቀርቦ መጠየቁ ይቀላል።