የቤዝ ክር ምርጫ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ቤዝ ጊታር ክር የገባችሁንም ያልገባችሁንም ጠይቁ ብዬ ነበር። ብዙ መጣ። ተመሳሳዮቹን ጨፍልቄ በተራ እመልሳለሁ።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። ድምፁ አልጥም ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለውን ማግኔት) ወይም አምፕሊፋየር መቀየር ነው። ክር ከሁለቱም ይረክሳል፤ ለውጡም ከመጀመሪያው ኖታ ጀምሮ ይሰማል። ስለዚህ ከክሩ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ነኝ። ክር ልገዛ ስል «ራውንድዋውንድ ነው ፍላትዋውንድ?» እባላለሁ። ምን ብዬ ልመልስ?

ወንድሜ፣ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። የቤዝ ክር መሃሉ ላይ ኮር የሚባል የብረት ሽቦ አለው። በእሱ ላይ ሌላ ሽቦ ይጠመጠማል። የሚጠመጠመው ሽቦ ክብ ከሆነ ራውንድዋውንድ ነው። ጥፍርህን በክሩ ላይ ሳብ ብታደርገው ክርክር ይላል፤ በሽቦው ዙሮች መካከል ትንንሽ ሸለቆዎች አሉ። የሚጠመጠመው ጠፍጣፋ ከሆነ ደግሞ ፍላትዋውንድ ነው። ጥፍርህ ያለ አንዳች እንቅፋት ይንሸራተታል።

ድምፁም እንደዚያው ነው። ራውንድ ብሩህ ነው፤ የብረት ጩኸት አለው፤ ኖታው ረጅም ጊዜ ይቆያል። እጅህን ስታንሸራትት ግን ሲጥ ይላል። ፍላት ወፍራም ነው። ድም ይልና ቶሎ ይሰበሰባል፤ ከበሮው ላይ ቁጭ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1951 የፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ ሲወጣ የነበረው ክር ፍላት ነበር። ራውንድ በሰፊው የተወደደው በ1960ዎቹ ነው። ለዚህም የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የዘ ሁው ቤዚስት ጆን ኤንትዊስልና የእንግሊዙ ክር አምራች ሮቶሳውንድ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ኤንትዊስል ቤዙ እንደ ፒያኖ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ይፈልግ ነበር። በሌላ በኩል ሞታውን ለተባለው የአሜሪካ የሶል ሙዚቃ አሳታሚ ይጫወት የነበረው ቤዚስት ጄምስ ጄመርሰን አለ። ወፍራም የላ ቤላ ፍላት ይጠቀም ነበር፤ ካልተበጠሰበት በቀር አይቀይርም። የሁለቱን ቅጂዎች ተራ በተራ አዳምጥ። የትኛው እንደሚስብህ ጆሮህ ይነግርሃል።

አሁንም ካልለየልህ በኒኬል በተለበጠ ራውንድ ጀምር። ብሩህነቱን ቤዙ ላይ ባለው የቶን (የድምፅ ቀለም) ቁልፍ መቀነስ ትችላለህ። ፍላት ላይ የሌለውን ብሩህነት ግን በቁልፍ አታመጣውም።

ጥያቄ፦ ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት እየመቱ መጫወት) ለመለማመድስ?

ራውንድ። አዲስ ቢሆን ይመረጣል።

ጥያቄ፦ የሮክ ባንድ ውስጥ ነኝ። ፍላት ብወድም «ለድሮ ሶል ሙዚቃ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው?

አይደለም እህቴ፣ አትስሚያቸው። የሄቪ ሜታሉ ባንድ የአይረን ሜይደን ቤዚስት ስቲቭ ሃሪስ የሚጫወተው በፍላት ነው። ጠንከር አድርጎ ይመታል፣ ክሩ ፍሬት (አንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች) ላይ ይንኳኳል፣ የሚሰማሽ ጥርት ያለ ድምፅ ከዚያ ይመጣል። አሜሪካዊቷ የስቱዲዮ ቤዚስት ካሮል ኬይም በ1960ዎቹ ስቱዲዮ ውስጥ ፍላትን በፒክ (በእጅ በሚያዝ ትንሽ የክር መምቻ) ስትመታ የወጣው ድምፅ ደብዛዛ አልነበረም። ክሩ ግማሹን ይወስናል። ቀሪው እጅሽ ነው፤ በምን ትመቻለሽ፣ የቱ ጋ ትመቻለሽ፣ ምን ያህል ትመቻለሽ። ወደ ብሪጁ (ክሩ አካሉ ላይ ወደሚታሰርበት) ጠጋ ብለሽ በፒክ ሞክሪው። ጊታሮቹ በጣም የሚጮሁ ከሆነ ደግሞ የፍላቱ ወፍራም መካከለኛ ድምፅ ባንዱ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኛል።

ጥያቄ፦ ኒኬል ነው ስቴንለስ ስቲል?

ስቴንለስ ከሁሉም ብሩህ ነው። ለጣት ሻከር ይላል፤ ፍሬትንም ቶሎ ይበላል። ላብ ግን ይቋቋማል። በኒኬል የተለበጠው መሃል ላይ ነው፤ ብዙ አዳዲስ ቤዞች ከፋብሪካ የሚወጡት በዚሁ ነው። በንጹሕ ኒኬል የተጠመጠመው ደግሞ ሞቅና ለስለስ ያለ ድምፅ አለው። ፍላትን ሳይገቡበት ወደ ድሮው ድምፅ ጠጋ ማለት ለሚፈልግ ደስ የሚል ምርጫ ነው።

ጥያቄ፦ ማሸጊያው ላይ 45-105 ይላል። ቁጥሩ ምንድን ነው? ጣቴን ስለሚያመኝ ቀጭን ልግዛ?

ቁጥሩ ውፍረት ነው፤ የኢንች ሺኛ። 45 ማለት 1.14 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 105 ደግሞ 2.67 ገደማ ነው። የተለመደው ስብስብ ከቀጭኑ ጂ እስከ ወፍራሙ ኢ 45፣ 65፣ 85፣ 105 ነው። ቀለል ያለው 40፣ 60፣ 80፣ 100 ነው። ክሩ ሲወፍር በዚያው ቅኝት ላይ ውጥረቱ ይጨምራል። ለመጫን ይከብዳል፤ ጠንክረህ ስትመታው ግን አይዋዥቅም።

ለሚያምህ ጣት 40-100 ይረዳል። መጀመሪያ ግን ክሩ ከፍሬቱ ምን ያህል እንደራቀ እይ። ብዙ ጊዜ ጣት የሚያሳምመው የክሩ ውፍረት ሳይሆን ከፍታው ነው። እሱ ሲስተካከል 45-105ም ይቀላል።

አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ውፍረትና ውጥረት አንድ አይደሉም። ሁለት 45-105 ስብስቦች እጅ ላይ በጣም ሊለያዩ ይችላሉ፤ የኮሩ ውፍረትና የተጠመጠመው ብረት ይለያያል። ፍላት ባብዛኛው ጠጠር ይላል። ነገር ግን የቶማስቲክ ኢንፌልድ ጃዝ ፍላት ልስልስ ብሎ እጅ ውስጥ ይታጠፋል። ስለዚህ አምራቹ የውጥረቱን መጠን በፓውንድ ወይም በኪሎ ከጻፈ ከውፍረቱ ይልቅ እሱን አወዳድሩ። እኔ ክር ስመርጥ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ባንዳችን አንድ ሙሉ ቶን (የሁለት ፍሬት ያህል) ዝቅ ብሎ ይቃኛል። ክሬ ረገበ፣ ኢው ፍሬት ላይ ይንጫጫል። ምን ላድርግ?

ውጥረት ከድምፁ ድግግሞሽ ስኩዌር ጋር ነው የሚሄደው። ስለዚህ ትንሽ ዝቅታ ብዙ ያረግባል። ግማሽ ቶን ዝቅ ስትል ከውጥረቱ 11 በመቶ ገደማ ይሄዳል። ሙሉ ቶን ሲሆን 20 በመቶ ያህል። መፍትሔው ወፍራም ክር ነው፤ 50-110 ወይም ከዚያ በላይ። ሁልጊዜ ከዚያም ዝቅ ብላችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ የባለ አምስት ክር ስብስብ ገዝተህ የቢ፣ የኢ፣ የኤ እና የዲ ክሮችን ብቻ መጠቀም ትችላለህ። በሙሉ ቶን ዝቅታ ግን ወፍራሙ ክር ዲ ስለሚሆን ቢው ወደ ዲ ከፍ ሲል በጣም ይወጠራል። ለሙሉ ቶን ዝቅታ ወፍራሙ ባለ አራት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የባለ አምስት ክር ቤዝ አለኝ። ቢው ክር ጭቃ ነው፤ ኖታው አይለይም።

የቢ ድግግሞሽ በሰከንድ 31 ገደማ ነው፤ ኢ 41 ነው። ያን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ በ34 ኢንች ርዝመት ጥርት ብሎ እንዲወጣ ማድረግ ቀላል አይደለም። አንዳንድ አምራቾች 35 ኢንች የሚሠሩት ለዚህ ነው። 130 ወይም 135 ሞክር። ብሪጁ ላይ ቀጠን የሚል ክርም አለ፤ ሳድሉ (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ቁራጭ) ላይ በደንብ ስለሚታጠፍ ቢን ሊያጠራው ይችላል።

ከመግዛትህ በፊት ግን ይህን አድርግ። ክሩ ተቃኝቶ ሳለ ከሳድሉ ወደ ፒክአፑ በኩል አንድ ሴንቲ ሜትር አልፈህ በአውራ ጣትህ ቀስ ብለህ ወደ ታች ተጫነው። ነቱ (በአንገቱ ጫፍ ክሩ የሚያልፍበት ቦይ ያለው ቁራጭ) ጋም እንዲሁ። ወፍራም ክር ሳድሉ ላይ ሳይታጠፍ ቀስት ሠርቶ ይቀራል፤ ንዝረቱ ከየት እንደሚጀምር አይታወቅም። ስትጫነው ጥግ ይይዛል። ከዚያ እንደገና ቃኘውና ስማው። ብዙ «የሞተ» ቢ በዚህ ይነሳል።

ጥያቄ፦ ክር በየስንት ጊዜው ይቀየራል? መቀቀልስ ይሠራል?

ለፍላት መልሱ አጭር ነው፤ ለዓመታት ይቆያል፣ ብዙዎች እያረጀ ሲሄድ ይበልጥ ይወዱታል። ራውንድን የሚገድለው ላብና የቆዳ ቅባት ነው። በዙሮቹ መካከል ይጠራቀምና ብሩህነቱን ያፍናል። ከተጫወትክ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ላዩንም ታቹንም ጥረገው። ላብ እንዳይገባው በስስ ሽፋን የተሸፈነ ክርም አለ፤ እንደ ኤሊክሰር ያለው። ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል።

መቀቀል ይሠራል። ለአሥር ደቂቃ ያህል በንጹሕ ውሃ ቀቅለህ፣ በደንብ አድርቀህ መልሰው። ብሩህነቱ ይመለሳል፤ ግን አይቆይም፤ በተደጋገመ ቁጥርም ክሩ ይደክማል። የ12ኛው ፍሬት ሃርሞኒክ (ክሩን ሳትጫን ነካ ብቻ አድርገህ የምታወጣው ድምፅ) እና እዚያው ፍሬት ላይ ተጭነህ የምታወጣው ኖታ ድሮ ይገጥሙ የነበሩ አሁን የማይገጥሙ ከሆነ መቀቀልም አያድነውም። ቀይረው።

ጥያቄ፦ ፍሬት የሌለው ቤዝ ገዛሁ። ራውንድ እንጨቱን ይበላል ሲሉ ሰማሁ።

ይበላል። ፍሬት በሌለው ቤዝ የታወቀው ጃኮ ፓስቶሪየስ ራውንድ ይጠቀም ነበር፤ ነገር ግን የጣት ገበታውን ለጀልባ በሚሆን ኢፖክሲ (ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ) ቀብቶት ነበር። ያልተቀባ እንጨት ከሆነ ፍላት ወይም ቴፕዋውንድ ይሻላል። ቴፕዋውንድ ከላይ በናይለን ጥብጣብ የተሸፈነ ነው። ውስጡ ብረት ስለሆነ የተለመደው ፒክአፕ ይሰማዋል። ድምፁ ክብ ነው፣ ወደ ትልቁ፣ ቆሞ ወደሚመታው የእንጨት ቤዝ ይጠጋል። ወፍራም ስለሆነ ግን የነቱ ቦይ ሊጠበው ይችላል።

ጥያቄ፦ ከራውንድ ወደ ከባድ ፍላት ቀየርኩ። አሁን ክሩ ከፍ አለ፣ ለመጫንም ከበደኝ። ተበላሸ?

አልተበላሸም። የጨመረው ውጥረት አንገቱን ወደ ፊት ስቦታል። የኢ ክርን አንደኛው ፍሬትና አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጭነሽ ያዢው። ከዚያ ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እዪ። የአንድ ስስ ካርድ ውፍረት ያህል ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ) በሰዓት አቅጣጫ ሩብ ዙር ብቻ አጥብቂ። ቃኝተሽ እንደገና ለኪ። የማይዞር ከሆነ አታስገድጂው፤ ለባለሙያ አሳዪ። አንገቱ ከተስተካከለ በኋላ ብሪጁ ላይ ያለው ቅኝትም (ኖታው በየፍሬቱ ልክ መውጣቱ) ስለሚለወጥ እሱንም ፈትሺ።

ጥያቄ፦ ባለ 30 ኢንች ቤዝ ላይ የረጅሙን ክር ቆርጬ ልጠቀም?

ባይሆን ይሻላል። ወፍራሙ ክፍል መቃኛው ላይ ሲጠመጠም ሊሰበር ወይም ሊፈታ ይችላል። ለአጭር የተሠራ ግዛ፤ ከብሪጁ መያዣ እስከ ነቱ ያለውን ርዝመት ለካና ከክሩ ማሸጊያ ጋር አስተያየው። በዚያው ውፍረት ከ34 ኢንቹ 22 በመቶ ያህል ይላላል። ከከበደህ ሳይሆን ከላላብህ አንድ ደረጃ ወፍራም ውሰድ።

ጥያቄ፦ ክር ስቆርጥ ምን ልጠንቀቅ? አንዴ የቆረጥኩት ድምፁ ሞቶ ቀረ።

ኮሩ ክብ ከሆነ ላዩ የተጠመጠመው ሽቦ ስትቆርጠው ሊላቀቅ ይችላል፤ ያኔ ክሩ ሕይወት ያጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ከመቃኛው አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል አልፈህ ቀጥ ባለ ማዕዘን እጠፈው። ከእጥፋቱ ወዲያ ቁረጥ። ጫፉን መቃኛው ቀዳዳ ውስጥ አስገብተህ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ወደ ታች እየወረደ እንዲጠመጠም አድርግ። ስታስርም ክሩ እንዳይጠማዘዝ ተጠንቀቅ።