በምላጭ ቆርጬ የጣልኩት ድምፅ

የድሮ ዘፈን ለምትፈልጉ፣ ለምትሰበስቡና ወደ ኮምፒውተር ለምትገለብጡ ወጣቶች፣

አሮጌ ካሴቶችን ስለ መገልበጥ ልምዴን እንዳካፍል በተጠራሁበት አንድ ሥልጠና ላይ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ጋሼ፣ ስልኬ ዘፈኑን አሥር ሴኮንድ ሰምቶ የዘፋኙን ስም ይነግረኛል፤ ታዲያ እኛ በእጃችን መመዝገብ ለምን ያስፈልገናል?» ስትል ጠየቀችኝ። ስልኩ የሚያውቀው አስቀድሞ ሰው የነገረውን ብቻ ነው ብዬ በአጭሩ መልሼላት አለፍኩ። ቤቴ ገብቼ ስተኛ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከሃምሳ ዓመት በፊት ድሬዳዋ ላይ አንድ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ስም በስም ሲነግረኝ፣ ድምፁን በምላጭ ቆርጬ የጣልኩት እኔው ነኝና።

ጊዜው 1967 ዓ.ም. ነው። ቀን ሬዲዮ እየጠገንኩ፣ ማታ ደግሞ በአንድ ድርጅት ውስጥ ድምፅ እየቀዳሁ የምተዳደር የ22 ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ተማሪው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲወጣ፣ የቀድሞ የሒሳብ አስተማሪዬ የነበሩት፣ ላክናው ከምትባል የሰሜን ህንድ ከተማ የመጡት ሰው ውላቸው አብቅቶ ወደ ህንድ ሊመለሱ ሆነ። በዚያ ዘመን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የህንድ አስተማሪዎች ነበሩን። እንግሊዝኛቸውንና የራስ አነቃነቃቸውን እያስመሰልን እንስቅባቸው ነበር፤ እርሱም ያሳፍረኛል። የህንድ ፊልምም ቢሆን እንደ ራሳችን ነበር የምናየው፤ አንዲት ቃል ሳይገባው የፊልሙን ዘፈኖች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሉ የሚዘፍን የሰፈር ልጅ ነበረን፤ ሠርግ ላይ ሳይቀር ይጋበዝ ነበር። አስተማሪዬ ግን እኛ የምንወዳቸውን ፊልሞች «የትናንት» ብለው ይንቋቸው ነበር። የእርሳቸው ፍቅር በልጅነታቸው፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ የሰሟቸው ዘፈኖች ነበሩ።

በጥጥ በተደለደለ የሻይ ሣጥን ውስጥ ሃያ የዘፈን ሸክላዎች ነበሯቸው። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት እነዚያ ሸክላዎች እንደ ሳህን ይሰበራሉ፤ ሁለቱ ቀድመው ተሰንጥቀው ነበር። መንገዱን አይችሉትም ብለው ስለ ሠጉ በሪል ቴፕ፣ ማለትም በመንኮራኩር ላይ በሚጠቀለል የድምፅ ክር፣ እንድቀዳላቸው ለመኑኝ፤ እኔም ከሥራ ቤቴ መቅጃውን ተውሼ ሦስት ሌሊት ቤታቸው አመሸሁ። በእጅ የሚጠመዘዝ ግራሞፎናቸው ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ ስላልነበረው፣ ማይክሮፎኑን ከጥሩምባው ፊት በክንድ ርቀት አቁመን፣ የባቡሩን ፉጨትና የውሻውን ጩኸት እየጠበቅን ነበር የምንቀዳው። የብረት መርፌውን ለእያንዳንዱ ገጽ ሲቀይሩ አይቼ ቆጣቢነት የጎደላቸው መስሎኝ ነበር። ሸክላው መርፌውን ሞርዶ ከመስመሩ ጋር እንዲያስማማ ተብሎ የደቀቀ ማዕድን የተቀላቀለበት መሆኑንና የተበላ መርፌ ተመልሶ መስመሩን እንደሚያርሰው የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

እያንዳንዱ ገጽ ከመጀመሩ በፊት አስተማሪዬ ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ ብለው በዚያ በምንስቅበት እንግሊዝኛቸው የፊልሙን ርእስ፣ የተሠራበትን ከተማ፣ ዓመቱን፣ ዘፋኙንና የዜማውን ደራሲ ይናገራሉ። አንዳንዴም ሸክላው ላይ የተጻፈውን ያርማሉ። እኔ የገባኝ ሽማግሌ ወሬ እንደሚወድ ብቻ ነበር።

በአራተኛው ሌሊት ብቻዬን ሥራ ቤት ገብቼ ቴፑን «አሳመርኩት»። ክሩን በማዕዘን መቁረጫው ላይ አጋድሜ፣ ንግግሩን ከመነሻው እስከ ዘፈኑ መጀመሪያ በምላጭ እየቆረጥኩ፣ ጫፍና ጫፉን በነጩ ማጣበቂያ አያያዝኩት። ማሽኑ በሴኮንድ 19 ሴንቲ ሜትር ስለሚሮጥ፣ የአሥራ አምስት ሴኮንድ ንግግር ሦስት ሜትር ገደማ ክር ይሆናል። ከሠላሳ ጊዜ በላይ ቆረጥኩ። በማግሥቱ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋ ላይ የተጠመጠመውን ቡናማ ክር እየፈታች ስታጉረመርም እኔ በሥራዬ ንጽሕና ኮርቼ ሻይ እጠጣ ነበር።

አስተማሪዬ ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ቴፑን አሰማኋቸው። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ወዲያው ሲቀጥል ቀና ብለው አዩኝ፤ ሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ «ንጹሕ ነው፣ ቤታ» አሉኝ፤ ቤታ በቋንቋቸው ልጄ ማለት ነው። ተቆጥተውኝ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ። እኔ ለራሴ ግልባጭ አስቀረሁ። ሸክላዎቹን በአደራ የተረከበው ነጋዴ በኋላ ከተማውን ለቅቆ ሄደ፤ ሣጥኑ የት እንደገባ አላውቅም።

የጣልኩት ነገር ምን እንደነበረ የገባኝ የዚያን ዘመን ፊልም ታሪክ ማንበብ ስጀምር ነው። የመጀመሪያው ድምፅ ያለው የህንድ ፊልም አላም አራ መጋቢት 14 ቀን 1931 እ.ኤ.አ. በቦምቤይ ማጄስቲክ ሲኒማ ሲታይ ሰባት ዘፈኖች ነበሩት። አንዳቸውም በሸክላ አልታተሙም፤ የፊልሙም ቅጂ እስካሁን አልተገኘም፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ሰው ተጋፍቶ የሰማው ዘፈን ዛሬ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ዘፈን ነው። በተከታዩ ዓመት የወጣው ኢንድራ ሳባ ደግሞ ሰባ ያህል ዘፈን ነበረበት ይባላል። እስከ 1935 ድረስ ተዋናዩ ካሜራው ፊት ራሱ ይዘፍናል፤ ሃርሞኒየም ተጫዋቹና ታብላ መቺው ከዛፍ ወይም ከመጋረጃ ጀርባ ይደበቃሉ። በዚያ ዓመት የካልካታው ፊልም ሠሪ ድርጅት ኒው ቲያትርስ ዘፈንን አስቀድሞ ቀድቶ በተዋናዩ አፍ ማስመሰልን ጀመረ። ሸክላው በአንድ ገጽ ከሦስት ደቂቃ ብዙም ስለማይዝ፣ ዘፈኑ እንዲያጥር ለሸክላ እንደገና ይዘፈናል፤ እንደገና የሚዘፍነውም ሰው ሁልጊዜ ፊልሙ ላይ የታየው አልነበረም።

የስም ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በ1949 ማሃል የተሰኘው ፊልም ዘፈን በሸክላ ሲወጣ፣ በዘፋኝነት የተጻፈው ካሚኒ የሚል የገጸ ባሕርይዋ ስም ነበር። አድማጩ ለሬዲዮ ደብዳቤ እየጻፈ ዘፋኟ ማን ናት ብሎ ስለ ወተወተ ነው፣ በኋላ ዝነኛ የሆነችው ላታ ማንጌሽካር መሆኗ የተነገረው። ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ያላገኙት የ1933ቱ ሴቶችስ? አንዳንዶቹ ደግሞ ስማቸውን ራሳቸው ደብቀዋል። በቦምቤይ ቶኪስ ፊልም ድርጅት ዜማ ትደርስ የነበረችው ሳራስዋቲ ዴቪ የፓርሲ ማኅበረሰብ ልጅ ስትሆን እውነተኛ ስሟ ኮርሼድ ነበር፤ ወገኖቿ ሴት ልጅ ፊልም ቤት መዋሏን ስለ ተቃወሙ ነው በሌላ ስም የሠራችው። የካንፑሩ ሃር ማንዲር ሲንግ ሃምራዝ የሂንዲ ፊልም ዘፈኖችን በአሥር አሥር ዓመት ከፍሎ ሲመዘግብ፣ ሰብሳቢዎች የሸክላ ጽሑፍና በየሲኒማው በር ይሸጡ የነበሩትን የግጥም መጽሐፍት ለቅመው አቀበሉት። ሌሎች ዕድሜያቸውን ፈጅተው የለቀሙትን ዓይነት መረጃ ነበር እኔ ለመጥረጊያ የሰጠሁት።

አንድ ዘፈን ብቻ ያለ መግቢያ ነበር የተቀዳው። ስትሪት ሲንገር ከተባለው የ1938 ፊልም የዘመኑ ዝነኛ ዘፋኝ ኬ. ኤል. ሳይጋል የዘፈነውን አስተማሪዬ ሲያስጀምሩ ምንም አልተናገሩም። ግጥሙ ከላክናው ተሰድዶ ካልካታ የኖረው የአዋድ ንጉሥ ዋጂድ አሊ ሻህ ነው፤ ስደቱን ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ እንደምትሰናበተው አድርጎ ነው የገጠመው። ሳይጋል አስቀድሞ መቀዳቱን እምቢ ብሎ፣ ካሜራው ፊት እየተራመደ፣ ሙዚቀኞቹ ከእይታ ውጭ እየተከተሉት ነው የዘፈነው። ዘፈኑ ሲያልቅ ቴፑ ላይ ረጅም ትንፋሽ ይሰማል፤ የአስተማሪዬ ነው። እርሱን ያልቆረጥኩት ንግግር ስላልሆነ ብቻ ነው።

እንግዲህ ምክር ተብዬ ይህን ልበል። ዘፈኑን ሳትሰሙ ስሙን አትፈልጉ፤ እናንተ ሃያ ሴኮንድ ሰምታችሁ ወደ ሌላው የምታልፉበት ፍጥነት ያስደነግጠኛል። ዞር ብዬ ደግሞ የምለው፣ ከመስማታችሁ በፊት ያለውን ሁሉ ጻፉ፤ ክዳኑ ላይ ያለውን፣ በእርሳስ የተጫረውን፣ ካሴቱን ያመጡት እናት በር ላይ ቆመው የነገሯችሁን ጭምር። ሁለቱ እንደሚጋጩ አውቃለሁ፤ እኔም እስካሁን አላስታረቅኳቸውም። በፍለጋ ግን ከእኛ ትሻላላችሁ፤ ስማቸውን ካወቅኳቸው ዘፈኖቼ ብዙዎቹን ያገኙልኝ ያላየኋቸው የሌላ አገር ልጆች ናቸው። የሚያናድደኝ ጫጫታ ማጥፊያ የምትሉት ፕሮግራም ነው። የሸክላውን ፍሽፍሽታ ሲያጠፋ የቫዮሊኑን ጭራ አብሮ ይውጣል፤ መነካት ያልነበረበትን መነሻ ቅጂ ደምስሳችሁ ያንን ታስቀምጣላችሁ። የእኔው ምላጭ ነው፤ እናንተ ጋ ሲደርስ ክር መሬት ላይ ስለማይወድቅ የተጣለውን እንኳ አታዩትም።

ከሥልጠናው በኋላ ግልባጩን አውጥቼ እንደገና አዳመጥኩት። አሥራ ሰባተኛው ዘፈን ላይ ምላጬ ዘግይቶ፣ ከክንድ ትንሽ የምትበልጥ ክር አምልጣኛለች። አስተማሪዬ «ሸክላው ላይ ያለው ስም የእርሷ አይደለም፤ ስሟ...» ይላሉ፤ ከዚያ መጋጠሚያው ቋ ይልና አንዲት ሴት መዝፈን ትጀምራለች። ያንን ቁራጭ ለጠየቀችኝ ልጅ ላክሁላት። ስልኳ ሦስት ጊዜ ሰምቶ አልተገኘም አላት። ማታ ደውላ፣ «ጋሼ፣ ሰውየው ምን ሊሉ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።