ደን ሲመነጠር የሚወጣው ጋዝ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ስምምነት ጽሕፈት ቤት ባቀረበችው የደን ልቀት መነሻ ሰነድ (የወደፊቱ ልቀት የሚነጻጸርበት መነሻ) መሠረት፣ ከ2000 እስከ 2013 በየዓመቱ በአማካይ 92,000 ሄክታር ያህል ደን ተመንጥሯል፤ ወደ 18 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ወጥቷል። የዚህ ዙር ጥያቄዎች ብዙዎቹ ከዚሁ ሰነድ የተነሡ ናቸው።

ጥያቄ፦ 18 ሚሊዮኑን ለ92,000 ሳካፍለው በሄክታር 195 ቶን ገደማ ይመጣል። ለወረዳችን ሪፖርት ይህንኑ ብጠቀም ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ማካፈልዎ ልክ ነው፣ አጠቃቀሙ ግን አያዋጣም። 195 የአገር አማካይ ነው። ሰነዱ የአገሪቱን ደን በአራት ይከፍለዋል፤ የግራርና የከርቤ ቆላ፣ የአባሎና የወይባ ጫካ፣ ደረቅ የደጋ ደን እና እርጥብ የደጋ ደን። በከፋ አንድ ሄክታር እርጥብ ደን የያዘው ካርቦን ከቦረና ግራር ጋር አይወዳደርም። አማካዩን ቦረና ላይ ቢያውሉት ልቀቱ ይጋነናል፣ ከፋ ላይ ቢያውሉት ያንሳል። የወረዳዎ ደን ከአራቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አስቀድመው ይለዩና የዚያን ዓይነት ቁጥር ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ አንድ ዛፍ ስንት ካርቦን እንደያዘ ሳይቆረጥ እንዴት ይታወቃል?

መልስ፦ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ የግንዱ ዲያሜትር፣ ቁመቱ እና የእንጨቱ እፍግታ። ዲያሜትሩ የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ተዳፋት ላይ ሽቅብ ባለው ወገን ቆመው ይለኩ። ሐረግ ወይም የዛፍ ሽበት ካለ ከሜትሩ ሥር ያውጡ። ግንዱ ከ1.3 ሜትር በታች ለሁለት ከተከፈለ ሁለት ዛፍ ተብሎ ይቆጠራል። እግሩ ላይ እንደ ግድግዳ የወጣ ደጋፊ ሥር ካለው፣ ደጋፊው ካለቀበት ከፍ ብለው ይለኩ። በልብስ ሰፊ ሜትር ከለኩ ያገኙት ዙሪያውን ነውና ለ3.14 ማካፈል አይርሱ። ይህ ስሕተት ከሚገመተው በላይ የተለመደ ነው፤ ዛፉንም ከሦስት እጥፍ በላይ ያወፍረዋል።

እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው የሐሩር ክልል ቀመር እፍግታውን (ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር) በዲያሜትሩ ካሬ (በሴንቲሜትር) እና በቁመቱ (በሜትር) ያባዛሉ፤ ውጤቱን በ0.976 አርቢ ያሳድጉና በ0.0673 ያባዛሉ። የሚገኘው ከመሬት በላይ ያለው ደረቅ ክብደት በኪሎ ነው። ለምሳሌ ዲያሜትሩ 40 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 20 ሜትር፣ እፍግታው 0.6 የሆነ ዛፍ 1,020 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 47 በመቶው ካርቦን ነው፤ እሱን በ3.67 ሲያበዙ ወደ 1.76 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ሥሩ ለብቻው ይታከላል።

ሰው የሚከራከረው ስለ ቁመት ነው፤ ውጤቱን ይበልጥ የሚያዛባው ግን ዲያሜትሩ ነው። 40ን 44 ብለው ቢጽፉ፣ ማለትም 10 በመቶ ቢሳሳቱ፣ ክብደቱ 20 በመቶ ያድጋል።

ጥያቄ፦ ግሎባል ፎረስት ዎች የተባለው ድረ ገጽ የሚያወጣው የደን ጥፋት ከመንግሥት ቁጥር ጋር አይገጥምም። ማን ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ ማንም ላይሳሳት ይችላል፤ የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። ድረ ገጹ የሚያሳየው ከ5 ሜትር በላይ የሆነ የዛፍ ሽፋን መጥፋቱን ነው፤ ለሽያጭ የተቆረጠ ባሕር ዛፍም ይገባበታል። በኢትዮጵያ ትርጉም ደን ማለት ቢያንስ ግማሽ ሄክታር (ሁለት ጥማድ ገደማ) ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ያለው ነው። ቁመቱ ወደ 2 ሜትር ዝቅ ያለው እንደ ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ያሉ አካባቢዎችን ጫካ ለማካተት ነው። በዚህ ላይ አባሎና የእጣን ዛፍ በበጋ ቅጠላቸውን ስለሚያራግፉ፣ የጥርን የሳተላይት ምስል ከመስከረም ምስል ጋር ያነጻጸረ ሰው ያልተነካ ጫካ እንደተመነጠረ አድርጎ ይመዘግባል። ሁልጊዜ የአንድ ወቅት ምስሎችን ያነጻጽሩ።

ጥያቄ፦ ከሰል ስናነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአገር የልቀት ቆጠራ ውስጥ በኃይል ዘርፍ ነው የሚቆጠረው?

መልስ፦ አይደለም። እንጨቱ ሲቆረጥ በመሬት ዘርፍ ተቆጥሯል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ በኃይል ዘርፍ ድምር ውስጥ የሚገቡት ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ ብቻ ናቸው። ክፍተቱም እዚህ ላይ ነው። መነሻ ሰነዱ የሚቆጥረው ፈጽሞ የተመነጠረ ደን ነው፤ በማገዶ፣ በከሰልና በቡና ምንጠራ የሳሳ ደን 20 በመቶ ሽፋን እስካለው ድረስ አሁንም ደን ይባላል፣ ልቀቱም በሰነዱ አይታይም። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰል እንጨት ለ1 ኪሎ ከሰል ከ5 እስከ 10 ኪሎ ደረቅ እንጨት እንደሚያልቅ ሲታሰብ፣ ለእኔ ይህ የሰነዱ ትልቁ ጉድለት ነው።

ጥያቄ፦ ደኑ ከተመነጠረ በኋላ የሚታረሰው መሬትስ ጋዝ ያወጣል?

መልስ፦ አዎ፣ ለዓመታት። በዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንሳዊ ፓነል የ2006 መመሪያ፣ በሐሩር ክልል ተራራማ ቦታ ለረጅም ጊዜ የታረሰ መሬት ከላይኛው 30 ሴንቲሜትር የአፈር ካርቦኑ 36 በመቶውን ያጣል፤ ለውጡም በ20 ዓመት ይከፋፈላል። በሄክታር 80 ቶን ካርቦን የነበረው አፈር በዓመት 1.44 ቶን ካርቦን፣ ማለትም 5.3 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል ማለት ነው። ከካርቦኑ ጋር ናይትሮጅንም ይፈታል፤ 1 በመቶው ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ሲወጣ በዓመት 400 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ይጨምራል። የአገሪቱ መነሻ ሰነድ ግን አፈርን አልጨመረም።

ጥያቄ፦ ባሕር ዛፌን ቆርጬ ብሸጥ ደን ጨፈጨፍክ እባላለሁ?

መልስ፦ ጉቶው ካቆጠቆጠና መሬቱ ካልታረሰ፣ አይባሉም። መሬቱ ደን እንደሆነ ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ ደን አልምተን ካርቦን መሸጥ ይቻላል? ስንት ይገኛል?

መልስ፦ የሑምቦን ምሳሌ ይውሰዱ። በወላይታ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ተከልሎ፣ አብዛኛው በመሬት ውስጥ ከቀሩ ጉቶዎች ራሱ እንዲያገግም ተደርጓል። በ30 ዓመት 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስቀራል ተብሎ ታቅዷል፤ በሄክታር ሲሰላ በዓመት 10.8 ቶን ገደማ ይደርሳል። ሑምቦ በተመዘገበበት በኪዮቶ ስምምነት አሠራር መሬቱ እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ ደን ያልነበረ መሆን ነበረበት፤ የተፈጥሮ ደን መንጥሮ ችግኝ መትከል እንዳይሸጥ ማለት ነው። የምስክር ወረቀቱም ጊዜያዊ ነበር፤ ደኑ ሊቃጠል ወይም ሊቆረጥ ስለሚችል ጊዜው ሲያልፍ ገዥው በሌላ መተካት ነበረበት። የደን ካርቦን ዋጋ ዝቅ ብሎ የቆየውም ከዚህ የተነሣ ነው። ከገዥ ጋር ከመነጋገርዎ በፊት የመሬቱን የቆየ የአየር ፎቶ ወይም የሳተላይት ምስል በእጅዎ ያስገቡ።