ሮዝ ሆነው የቀሩት ጉድጓዶች

ሰሞኑን አንዲት የማስተርስ ተማሪ ጻፈችልኝ። «የጦስኝ ዘይት ከአንቲባዮቲክ ጋር ሲቀላቀል ጎጂ የአንጀት ባክቴሪያዎችን ይበልጥ ይገድላል አይደል?» ትላለች። መልሱን ወስና ነው የምትጠይቀኝ። ለሷ ብቻ መልሼ ልተወው ነበር፤ ግን የቆየ ነገር ቀሰቀሰችብኝና ለሁላችሁም ልጽፍ።

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። እንደ ኢ. ኮላይና ሳልሞኔላ ያሉ ባክቴሪያዎች ብዙ መድኃኒት የማያሳልፍ ውጫዊ ሽፋን አላቸው። ጦስኝ ውስጥ ያሉት ታይሞልና ካርቫክሮል ሽፋኑን ያላሉታል፤ ያኔ መድኃኒቱ በቀላሉ ይገባል። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ቀጥተኛ ምክንያት እንደሆኑ ተገምቷል። አጋዥ መፈለጉ ተገቢ ነው።

እኔም በወጣትነቴ ሥራዬ ይኸው ነበር። 96 ትንንሽ ጉድጓድ ባለው የላቦራቶሪ ሳህን (ፕሌት) ላይ ዘይቱን በአግድም፣ መድኃኒቱን በቁልቁል እያቀጠንኩ እሞላለሁ። ከዚያ ባክቴሪያውን ጨምሬ ኢንኩቤተር ውስጥ አሳድረዋለሁ። በማግስቱ ሬሳዙሪን የሚባል ቀለም ጠብ ይደረግበታል። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ባክቴሪያው አላደገም፤ ሮዝ ከሆነ በሕይወት አለ። ዘይቱ ፈሳሹን ስለሚያደፈርሰው ያለ ቀለም በዓይን መፍረድ አስቸጋሪ ነው። የቅርንፉድ ዘይት የሠራሁ ቀን ደግሞ ሽታው ከጋወኔ አይለቅም፤ ያገኘኝ ሁሉ «ጥርስህን ታክመህ ነው እንዴ?» ይለኛል። እውነታቸውን ነው፤ ጥርስ ሐኪሞችም ቅርንፉድ ውስጥ ያለውን ያንኑ ዩጂኖል ይጠቀማሉ።

ጄንታማይሲን ከሚባለው አንቲባዮቲክ ጋር ውጤቱ አማረ። የፔኒሲሊን ዘመድ ከሆነው ከአምፒሲሊን ጋር ግን ጉድ መጣ። አምፒሲሊን ብቻውን ሲሆን ሰማያዊ የነበረው ጉድጓድ ትንሽ ዘይት ሲጨመርበት ሮዝ ሆነ። ደገምኩት። ሌላ ዘይት አመጣሁ። ዘይቱን ከውሃ ጋር የሚያዋህደውን ማሟሚያ፣ ትዊን 80ን፣ ለብቻው ፈተሽኩት። ያው ሮዝ። አምፒሲሊን ባክቴሪያውን የሚይዘው እያደገ ግድግዳውን ሲሠራ ነው። ዘይቱ እድገቱን ካዘገየው መድኃኒቱ የሚይዘው ያጣል ብዬ ጠረጠርኩ። ነገሩ እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1951 ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ኒሞኮከስ በሚባል ባክቴሪያ በሚመጣ ማጅራት ገትር ስለታመሙ ሰዎች ጽፈው ነበር። ፔኒሲሊን የባክቴሪያን እድገት ከሚገታ፣ ከቴትራሳይክሊን ወገን ከሆነ መድኃኒት ጋር የተሰጣቸው፣ ፔኒሲሊን ብቻውን ከወሰዱት ይልቅ በብዛት ሞተዋል።

አለቃዬ ፕሌቱን ወደ መብራት ከፍ አድርገው አዩት። «ይሄን ማን ያትምልሃል? ያኛውን ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ፤ ታተመ፤ እድገትም አገኘሁበት። ሮዙ ውጤት ደብተር ውስጥ ቀረ፤ ላቦራቶሪው ሲዛወር ደብተሩም የት እንደገባ አልታወቀም። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ወጣት ያንኑ ፕሌት ሞልቶ፣ ያንኑ አይቶ፣ ያንኑ ተብሎ ዝም እንዳለ ሳስብ ያንገበግበኛል። እሳቸውን አልወቅስም፤ ጊዜው እንደዚያ ነበር። ኧረ እወቅሳለሁ!

እናንተ የዛሬ ተማሪዎች ከኛ ትሻላላችሁ። ስታቲስቲክሱም ሶፍትዌሩም በእጃችሁ ነው። ችኮላችሁ ግን ያስፈራኛል። አንዱ ቪዲዮ ላይ የጦስኝ ዘመድ የሆነውን የኦሬጋኖ ዘይት ምላሱ ሥር ጠብ አድርጎ «አንቲባዮቲክ ድሮ ቀረ» ሲል የባዮሎጂ ተማሪ ላይክ ያደርግለታል። ፕሌት ላይ የሚገድለው መጠን ለጉበትም ሊከብድ ይችላል። ደግሞም የተዋጠ ዘይት አብዛኛው ትልቁ አንጀት ሳይደርስ ወደ ደም ይገባል፤ የተረፈውንም የምግብ ስብና ፕሮቲን ያዳክመዋል።

እንግዲህ ለጠየቀችኝ ልጅ፦ ሥሪው። ዘይቱ ተናኝ ስለሆነ ፕሌቱን በደንብ አሽጊ፤ አለዚያ እንፋሎቱ ጎረቤት ጉድጓድ ገብቶ ያልነካሽውን ይገድልሻል። የጦስኝ ዘይት እንደ አፈሩና እንደ ወቅቱ ይዘቱ ስለሚለያይ ውስጡ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ለይቶ በሚያሳየው በጋዝ ክሮማቶግራፊ ሳይመረመር አትነሺ። ዘይቱና መድኃኒቱ አብረው ሲሆኑ የሚበቃቸውን መጠን ለየብቻ ከሚበቃቸው ጋር የሚያነጻጽረው የጥምረቱ ስሌት 0.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ተባብረዋል፣ ከ4 በላይ ከሆነ ተቃርነዋል ይባላል። መካከል ላይ ያለውን «ተባብረዋል» ብለሽ እንዳትጽፊ። ከ4 በላይ የወጣውንም በሠንጠረዡ ውስጥ አስገቢው፤ አማካሪሽ ቢያጉረመርሙም አስገቢው። በተረፈ ጎጂዎቹን ብቻ አትፈትኚ፤ ቢፊዶባክቴሪየምን የመሰሉ ጠቃሚዎችንም ጨምሪ። ለነሱ ኦክስጅን የሌለበት ቻምበር ያስፈልግሻል። ላቦራቶሪሽ ውስጥ ከሌለ፣ ያላቸውን ፈልጊና ተጠጊ።